ድንኳኑ ከተነሳ 8 ወር ሆነ፤ ጥሩ ቴራፒስት በምን ይታወቃል?

ቆጣሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ግን መጻፍ አማረኝ።

አባቴ ካረፈ 8 ወር ሆነው። ሁለት ዓመት ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ለቅሶው ላይ ሰው ጉድ ነው ያሰኘኝ። እድሩ፣ ጎረቤቱ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ድንኳኑ ሞልቶ በረንዳ ላይ ሁሉ ይቀመጡ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሽንት ቤት እንኳን ብቻዬን አልሄድኩም። አርባውን አወጣን። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። እኔም ጥቁሬን ለብሼ ሥራ ገባሁ።

የምሠራው ባንክ ነው፣ መስኮት ላይ። ባለፈው ወር 4,000 ብር ጎደለብኝ፤ ከደሞዜ ተቆረጠ። በአምስት ዓመት አንድ ብር ጎድሎብኝ አያውቅም። እየቆጠርኩ ሐሳቤ ይሄዳል፤ ስመለስ ስንት ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ እንቅልፍ የለም። እጮኛዬ «ተለውጠሻል» አለኝ። ተጣልተን አይደለም፤ ዝም ብሎ ስልኩ እየቀነሰ ሄደ።

የአባቴ ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ቻርጅ አደርገዋለሁ። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን የመድኃኒቱ ደወል ይጮኻል። የሞላሁለት እኔ ነበርኩ። ማጥፋት አቃተኝ።

ጓደኛዬ ነገረችኝና አንድ የምክር አገልግሎት ሄድኩ። ፎቁ ሥር ካፌ አለ። ሦስት ቀን ማኪያቶ ጠጥቼ ተመለስኩ፤ በአራተኛው ወጣሁ። ሰውዬው በ40 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስልክ አነሳ። አንዱ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ነበር። ከዚያ «አባትሽ ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት፤ አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ አግብተሽ ልጅ ስትወልጂ ይረሳሻል» አለኝ። አክስቴ በነጻ የምትለኝን 1,200 ብር ከፍዬ ሰምቼ ወጣሁ።

ጥያቄዬ፦ ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ እሱ? ጥሩውን በምን ታውቃላችሁ? አዲስ አበባ ነኝ።

የኮተቤው ልጅ

ነፍስ ይማር እህቴ። ሲሚንቶው ላይ ስቄ ነበር፤ ስለ ደወሉ የጻፍሽውን ሳስብ ግን ሳቄ ጠፋ።

የኔም የመጀመሪያዋ አልሆነችም። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን የምነግራትን ሁሉ ትረሳ ነበር። በሦስተኛው ቀጠሮ ስለ ሚስቴ ጠየቀችኝ። ሚስት የለኝም። ሁለተኛው ሰውዬ ጋ ስገባ ልቤ ሞቶ ነበር። መጀመሪያ ያለኝ ነገር «ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ጋ ሄደህ ነበር? ምኑ አልተመቸህም?» ነው። በቃ፣ እዚያ ላይ አመንኩት። አንድ ዓመት አብረን ሠራን።

ሲስተር የማታ ሽፍት

ሰላም ቆጣሪዋ። ነፍስ ይማር። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ 11 ዓመት ሠርቻለሁ።

ችግሩ አንቺ አይደለሽም። ግን ያ ሰው ምን የተማረ ነው? አልጠየቅሽውም አይደል? ማንም አይጠይቅም። ቤት ለሚቀባልን ሰው «የሠራኸውን አሳየን» እንላለን፤ ሆዳችንን ለምንገልጥለት ሰው ሲሆን ግን እናፍራለን።

እኛ አገር ግራ የሚያጋባው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» መባሉ ነው። ሳይካትሪስት ማለት መጀመሪያ ሐኪም ሆኖ በኋላ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው። መድኃኒት ያዛል። ቁጥራቸው ዛሬም ለአገሩ አይበቃም። አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየመጡ ያግዙ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ውጭ የተማሩ ናቸው። ስለዚህ መንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ሳይካትሪስቱ በ10 ደቂቃ ቢሸኝሽ አትቀየሚ፤ ውጭ ወንበር ላይ ስንት ሰው እንደተደረደረ አይተሻል።

ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በንግግር የሚያክም ነው። መድኃኒት አያዝም። ብዙውን ጊዜ በማስተርስ የሚያዝ ሙያ ነው። ሳይኮሎጂ በመጀመሪያ ዲግሪ የጨረሰ ልጅ ብዙ ነገር ያውቃል፤ ግን ያ ብቻውን ሰው ለማከም አይበቃም። የሳይካትሪ ነርሶችም አለን፤ ብዙ ቦታ መጀመሪያ የምናይሽ እኛ ነን።

ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ደውለሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ «ምን ተምረሃል? የሙያ ፈቃድ አለህ?» በሉት። ሦስተኛ ካስፈለገ «ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እንዴት ነው የምትሠራው?» የሚቆጣ ካለ ስልኩን ዝጊ። ደህናው ሰው ደስ ብሎት ነው የሚነግርሽ።

ሌላ፣ ደም ተመርመሪ። እየቀለድኩ አይደለም። የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ችግር ድባቴ የሚመስል ድካምና መርሳት ያመጣሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ታማሚ ስታስታምሚ ራስሽ የበላሽ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ በቀጥታ ልጠይቅሽ። መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል? ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል?

ቆጣሪዋ

ሲስተር፣ ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ሲሚንቶውም አልጠየቀኝም።

ጠዋት ባልነቃ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። እናቴ አለች።

ሲስተር የማታ ሽፍት

ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ቀጥለሽ ለምታገኚው ሰው ይህን መጀመሪያ ንገሪው፤ መጨረሻ ላይ በር ይዘሽ አይደለም። ሐሳቡ ከጠነከረ ወይም «እንዴት» ወደሚለው ከሄደ ቀጠሮ አትጠብቂ። ብቻሽን አትሁኚ፤ ሰው ይዘሽ ቅርብሽ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ሌሊትም ቢሆን።

እውነቱን ተናጋሪ

እኔ የምለው፣ የፈረንጅ ነገር ገልብጠን መቼ ነው የምናበቃው? አባቶቻችን ቴራፒስት ነበራቸው? ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተጠርቶ ነው ሐዘን የሚወጣው። ለማታውቂው ሰው ብር ከፍለሽ ከማውራት የነፍስ አባትሽን አናግሪ፤ ጸበል ተጠመቂ። ይኸው ነው።

የኮተቤው ልጅ

ወንድሜ፣ ቡናውማ ተፈልቷል። ድንኳኑም ተተክሏል። ልጅቷ የጻፈችውን አንብበሃል? ሰው የለም አላለችም። ሰው ሁሉ ሄዶ እሷ እዚያው ቀረች ነው ያለችው።

ጡረተኛው

ልጆቼ አትጣሉ።

እኔ ባለቤቴን የቀበርኩ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ 67 ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ነፍስ አባቴ ጋ ነው። ደግ ሰው ናቸው፤ አብረውኝ አለቀሱ። ጸበልም ተጠመቅሁ፤ ሽንቁሩ ሚካኤል ሁለት ሱባኤ ከረምኩ። እዚያ ሳለሁ ደህና ነኝ። ቤት ስመለስ ወንበሯን አያለሁ፤ እንደገና ያው።

ሐኪም ጋ ሂድ ያሉኝ እኚያው ነፍስ አባቴ ናቸው። «መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው» አሉኝ። ልጄ ይዛኝ ሄደች። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። አማኑኤል የተከፈተው በጣሊያን ጊዜ ነው፤ እኛ ልጆች ሳለን ስሙ ስድብ ነበር፤ «አማኑኤል ይውሰድህ» ይባላል። በሩ ላይ ስደርስ ባርኔጣዬን ወደ ግንባሬ ሳብኩ፣ የሚያውቀኝ እንዳያየኝ። ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ዞር ሲል የእድራችን ጸሐፊ ነው! እሱም ባርኔጣ አድርጓል። ተያየን፤ «ደህና አደርክ» ተባባልን፤ በቃ። ይኸው አራት ዓመት፣ እኔም እሱም ለማንም አልተናገርንም። ዛሬ ተናገርኩ።

ልጄ ቆጣሪዋ፣ ሁለቱንም ያዢ። አንዱ አንዱን አያስወጣም።

እውነቱን ተናጋሪ

ጋሽዬ እርስዎ ካሉ እሺ። የሚያጭበረብሩ ስለበዙ ነው የተናገርኩት።

ጡረተኛው

ማጭበርበሩማ በሁሉም በኩል አለ፣ ልጄ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ ያለነው ችግራችን ሌላ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጠቅምሽ ይሆናል።

መጀመሪያ የያዝኳት ቴራፒስት አሜሪካዊት ነበረች። ጎበዝ ናት። እንግሊዝኛዬ ምንም አይልም። ግን ስድስት ወር ሙሉ አንዴም አላለቀስኩም። ስለ ወንድሜ ሞት ሪፖርት እንደማቀርብ ነበር የማወራው። በኋላ አማርኛ ተናጋሪ አገኘሁ። የመጀመሪያው ቀን «እስኪ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ያቺ «እስኪ» ጨረሰችኝ። የሶፍት ካርቶኑን ሙሉ ፈጀሁት።

ሌላው ደግሞ የእናቴ ጉድ ነው። እዚህ አንድ ሆስፒታል ወስጃት «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለች። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ «ሆዷን ያማታል» ብሎ ተረጎመው። ጨጓራዋን በካሜራ ሊያዩ ቀጠሮ ያዙላት! እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ከዚያ በኋላ እኔ ላስተርጉም አልኩ፤ እሱ ደግሞ ባሰ። እናት በልጇ በኩል ምን ትናገራለች? የሚያስጨንቃት እኔው ራሴ ብሆንስ? እዚህ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሰውየው ካልተመቻችሁ ይቀየርልን በሉ። ብዙ አበሻ ይህን አያውቅም።

አማርኛ ተናጋሪ ስትፈልጉ አበሻ ማኅበረሰብ ትንሽ መሆኑን አትርሱ። የኔዋን ቅዳሜ አበሻ ሱቅ እንጀራ ስትገዛ አገኘኋት። አላወቀችኝም መሰለኝ ብዬ ከፋኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ሰው ፊት ቀድሜ ሰላም አልልሽም፤ ካልሽኝ ግን እመልሳለሁ» አለች። ለካ ሥራዋ ነው፤ እኔን ለመጠበቅ ነው። ዘመድሽን፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛሽን፣ የእናትሽን ወዳጅ ግን አትያዢ፤ ጥሩ ባለሙያም ብትሆን።

እዚህ ላላችሁ፦ በቪዲዮ የምታዩት ሰው ፈቃዱ እናንተ ባላችሁበት ስቴት የሚሠራ መሆን አለበት። ቨርጂኒያ ሆናችሁ የሜሪላንድ ፈቃድ ብቻ ያለውን ማየት አትችሉም። ጨንቆ ለጠበበው 988 ይደወላል ወይ ቴክስት ይደረጋል፤ ሲደወል አስተርጓሚ ይጠየቃል።

ባጃጅ ውስጥ

አዲስ አበባ ያላችሁ ትቀብጣላችሁ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ከባሕር ዳር ወጣ ያለች ከተማ። እዚህ የንግግር ሕክምና የሚባል የለም። ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ክፍል አለ፤ ደርሶ መልስ አንድ ቀን ይበላል፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው እሱም።

እኔ ያገኘሁት በስልክ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሳይኮሎጂስት፣ በሳምንት አንዴ፣ በቴሌግራም። ችግሩ ኔትወርኩ ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ነን። የት ሆኜ ላውራ? የወንድሜ ባጃጅ ማታ ግቢ ውስጥ ትቆማለች። ሸራዋን አወርድና ገብቼ እዘጋለሁ። ዝናብ ሲሆን ሸራው ይጮኻል፤ ሰውዬው «ምንድነው?» ይለኛል፤ «ዝናብ ነው» እላለሁ፤ ሁለታችንም ዝም ብለን እንሰማለን። ከሁሉ ያ ዝምታ ይበልጥብኛል ብላችሁ ታምናላችሁ? የሚቸኩል ሰው ዝም ማለት አይችልም። እኔ ጥሩን በዚያ ነው የማውቀው።

ቪዲዮ ሲቆራረጥ በድምፅ ብቻ አድርጉት። ከመጀመራችሁ በፊት ኔትወርክ ቢጠፋ ምን እንደምታደርጉ ተነጋገሩ። እኔ አንዴ የከበደ ነገር ጀምሬ ተቋርጦ ሦስት ቀን ኔትወርክ ጠፋ። እሱን አልመኝላችሁም።

ቆጣሪዋ

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። ባጃጅ፣ ስለ ዝናቡ ያልከውን ለእናቴ አነበብኩላት።

ሲስተር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ መሥሪያ ቤቴ ሊያውቅ ይችላል? ባንክ ነው፤ «የአእምሮ» የሚል ወረቀት ከወጣብኝ ከመስኮት ያነሱኛል ብዬ እፈራለሁ። ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ ሄጄ ነው «ይሄ ሰው አይሆነኝም» የምለው? የመጀመሪያው ቀን ማንም ጋ የሚከብድ ይመስለኛል።

ሲስተር የማታ ሽፍት

ያልፈቀድሽለት ባለሙያ ለአሠሪሽ መናገር አይችልም። ምስጢር የማይጠበቀው ሕይወትሽ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ወይ ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው። ይህን የመጀመሪያው ቀን ሳትጠይቂው ሊነግርሽ ይገባል። ካልነገረሽ ጠይቂ። የሕመም ፈቃድ ወረቀት ካስፈለገሽ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ቀድመሽ ተነጋገሪ። እውነቱን ለመናገር ምስጢር የሚባክነው ከሐኪሙ አይደለም። ከእንግዳ መቀበያዋ ነው። ስምሽን ከነአባትሽ ኮሪደር ላይ ጮክ ብላ የምትጠራ ካለች፣ ያ ቤት አላሰበበትም ማለት ነው። ስትገቢ ጆሮሽን ጣል አድርጊ፤ የውስጡ ወሬ ውጭ ይሰማል? አንዳንዱ ቦታ ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው።

ሁለተኛው ጥሩ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ጋ ይከብዳል፤ አንዳንዱ ሰው ከገባበት ብሶበት ይወጣል፤ ያ ብቻውን መጥፎ ምልክት አይደለም። ሦስት አራት ጊዜ ስጪው። ግን አምላክሽን ሊቀይርልሽ የሚሞክር፣ የሌላ ታካሚ ታሪክ የሚያወራ፣ «በአምስት ቀን አድንሻለሁ» የሚል፣ ውጭ እራት እንብላ የሚል፣ ስልክ የሚያነሳ... ለሱ ሁለተኛ ቀን አይሰጠውም። ሌላው ስህተት ይስተካከላል። «ባለፈው ያልከኝ ነገር ከፍቶኛል» ብለሽ ንገሪው። መልሱን እዪ። የሚከላከል ነው ወይስ «እንዴት ነው የሰማሽው?» የሚል? እኔ ሰው ሲጠይቀኝ በዚህ ለዩ ነው የምለው።

ደግሞ ሐዘን ሁሉ በሽታ አይደለም። 8 ወር ማልቀስ በሽታ አይደለም። ሰው ከግማሽ ዓመት በላይ ሐዘኑ ምንም ሳይላላ ሥራውንና ኑሮውን ሲያናጋበት ግን የዓለም ጤና ድርጅት በአዲሱ የበሽታዎች መዝገቡ «የተራዘመ ሐዘን» ብሎ ለብቻው አስገብቶታል። ሕክምናም አለው። አንቺ ያ ነሽ አልልሽም፤ አይቼሽ አላውቅም። የሚያይሽ ሰው ይለየው።

ገንዘቡ ከከበደሽ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ፣ የካ ኮተቤ የአእምሮ ክፍል አላቸው። በጤና ጣቢያሽ በኩል ሪፈር አጽፊ።

ከቤይሩት የመጣች

እኔ ብዙ አልጽፍም። አረብ አገር ከቆየሁበት ስመለስ ማንም አላናገረኝም፤ ቤተሰብም ያመጣሽው ብር የታለ ነው ያለኝ። አጋር ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት ከስደት ተመላሽ ሴቶችን ተቀብሎ ያስጠጋል፤ የሚያማክሩም አሉ። እንደኔ ያለች ካለች ታውቀው ብዬ ነው።

ቆጣሪዋ (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። የጠየቃችሁኝም አላችሁ፣ አመሰግናለሁ።

ደም ተመረመርኩ፤ ሲስተር እንዳለችው ደሜ አነስተኛ ነው፤ ብረት እየወሰድኩ ነው። ለሦስት ቦታ ደወልኩ። አንደኛው «ጥያቄ ካለሽ መጥተሽ ትጠይቂያለሽ» ብላ ዘጋችብኝ። ሁለተኛው ለአንድ ወር ሙሉ ቀጠሮ የለውም። ሦስተኛዋ ራሷ ደወለችልኝ። የተማረችውን ነገረችኝ፣ የሚከፈለውን ነገረችኝ፣ «ካልተመቸሽ ሌላ ሰው እጠቁምሻለሁ» አለች።

አራት ጊዜ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን መናገር አቃተኝ፤ እሷም አልቸኮለችም። የባጃጁን ዝናብ አስታወስኩ። በሁለተኛው ጠዋት ስለ አለመንቃት ያልኩትን ነገርኳት። በሦስተኛው ስለ ደወሉ አወራሁ። አጥፊው ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ሲጮኽ አባትሽ ምን ይሉ ነበር?» ነው ያለችኝ። ረስቼው ነበር እኮ! «መጣች ደግሞ ይቺ ፖሊስ» ይል ነበር። እኔን ነው ደወሉን እያለ አላውቅም። ሳቅኩ። ከዚያ እንባዬ መጣ፤ ከቀብሩ በኋላ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። ደወሉ አሁንም አለ። እንቅልፌ ገና ነው። ብር ግን አልጎደለብኝም።

አንድ ችግር ብቻ ቀረኝ። ቀጠሮዬ ሐሙስ 10 ሰዓት ነው፤ በየሳምንቱ ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ «ምን ሆነሽ ነው?» እያለኝ ነው። ምን ልበለው?

የኮተቤው ልጅ

ጥርስ በይው።

ቆጣሪዋ

ጥርስ በየሳምንቱ?

የኮተቤው ልጅ

የጥርስ ሽቦ፣ ብሬስ አስገባሁ በይ። ሁለት ዓመት ይፈጃል።

ቆጣሪዋ

ብሬስ እኮ ይታያል! ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ፊት ነው የምቀመጠው።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ከውስጥ በኩል የሚታሰርም አለ አሉ።